መስመሩን ያላጎበጡት አቶ በሪሁን ጣሰው

አቶ በሪሁን ጣሰው ከአባታቸው ከአቶ ጣሰው ካሳ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሸዋርካብሽ ወልዴ በወሎ ጠቅላይ ግዛት፣ ወረኢሉ፣ በ1914 ዓ.ም. ተወለዱ። ዳዊት የደገሙትም እዚያው ነው። አባታችን ሲሞቱ እናታችን ወንድሜን እና እኔን፣ የወንድሜን ታናሽ እህት ደብሪቱን፣ ይዘው በ1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። በአንድ ጭነት መኪና አብረውን የመጡት የአገራችን ልጅ አቶ ዘይኑዲን በአዲስ ከተማ ጎረቤታችን ሆኑ።

ወንድሜ በ1936 ዓ.ም. በማዘጋጃ ቤት በመሬት ልኬት ሠራተኛነት ተቀጠሩ። በ1943 ዓ.ም. ከወይዘሮ ያለምወርቅ ጋር በተክሊል ተጋብተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል። ማታ ማታ ተምረው በቅየሳ ሙያ በመሠልጠን የመንገድ ፕላን ክፍል ኃላፊ ለመሆን በቅተዋል። የሰፈሩ ዕድር ዳኛም ነበሩ።

በ1955 ዓ.ም. የእሳት አደጋ መኪና ወደ መርካቶ ውስጥ የሚገባበት መንገድ እንዲከፈት ተወሰነ። ፕላኑን የነደፉት ወንድሜ ነበሩ፤ መስመሩም በዕድርተኞቹ ሱቆች ላይ አለፈ። ቀዩን የማፍረሻ ምልክት መጀመሪያ የቀቡት በእናታችን በር ላይ ነው፤ ቀጥለው የአቶ ዘይኑዲንን የጨርቅ ሱቅ ቀቡ። ሰፈርተኛው ሽማግሌ ልኮ መስመሩን ጥቂት ጎበጥ እንዲያደርጉት ለመናቸው። ቢጎብጥ መኪናው አይዞርም ብለው እምቢ አሉ። ወንድሜ ግትር ነበሩ፤ ሞቱ ብዬ አልደብቅም። የተሰጠው ምትክ ቦታ ሩቅ ነው፤ ደንበኛ ደግሞ ነጋዴን ተከትሎ አይሰደድም። ዕድሩ ተሰብስቦ ወንድሜን ከአባልነት ሰረዛቸው። ቀባሪ አታሳጣኝ ብሎ ለሚጸልይ ሰው ከዚህ የከፋ ፍርድ የለም።

ሱቆቹ በፈረሱ በዓመቱ እናታችን አዲሱ መንገድ ዳር በተከራየነው ቤት ዐረፉ። ነጋ፤ የዕድሩ ጡሩምባ አልተነፋም። ድንኳን የለም፣ ቃሬዛ የለም። ዕድርተኞቹን ሄደው ይለምኗቸው ብዬ እግራቸው ላይ ብወድቅም ወንድሜ ከቤት አልወጡም። እናቴ ሳይቀበሩ እንዳይመሽ ፈራሁ። ረፋዱ ላይ አቶ ዘይኑዲን የድንኳን ምሰሶ ተሸክመው ገቡ። «በሪሁን፣ የሰረዝነው አንተን ነው፤ እትዬ ሸዋርካብሽን ማን ሰረዘ?» አሉ። እናታችንን በክብር ቀበሩልን። ወንድሜን ግን አልመለሷቸውም፤ እሳቸውም መልሱኝ አላሉም።

መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ በዚያ በኩል እሳት ተነሥቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ልክ ነበሩ ብሎ የሚመሰክርላቸው አልተገኘም። በሥራቸው ላይ እንዳሉ በ1964 ዓ.ም. የጉበት ሕመም ጣላቸው። አልጋ ላይ ሆነው ደጋግመው የጠየቁን ማን ይቀብረኛል እያሉ ነበር። ትናንት ጥር 14 ቀን 1965 ዓ.ም. በተወለዱ በ51 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ዕድሩን ለመጥራት ድፍረቱ አልነበረንም። ሬሳውን ከአውቶቡስ ተራ በምናመጣቸው የቀን ሠራተኞች ልናሸክም እየመከርን ሳለ ጎህ ሲቀድ ጡሩምባው ተነፋ። ድንኳኑን የጫነው መኪና እስከ ደጃችን ድረስ ገባ። የገባው በዚያው መንገድ ነው፤ ከፊት ተቀምጠው የሚመሩት አቶ ዘይኑዲን ነበሩ።

ወንድሜ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ያለምወርቅን፣ ሦስት ልጆቻቸውን እና እኔን ትተው ዛሬ በራጉኤል ያርፋሉ። አምላካቸው ነፍሳቸውን በደጉ ስፍራ ያሳርፍልን። ዕድርተኞች ሆይ፣ እናንተንም ቀባሪ አያሳጣችሁ።