አንድ አምስተኛው የትኛው ነው?

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለዮሎ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ወገብህስ እንዴት ነው? ባለፈው በስልክ «ደህና ነኝ» ስትለኝ ከወንበር ለመነሳት ስታቃስት ሰምቼሃለሁና አትዋሸኝ። ሚስትህ አሮሃ እንዴት ናት? ልጃችሁ፣ የእኔዋ ኒያስ? የፊት ጥርሷ ወለቀ ወይስ አሁንም በምላሷ እየነቀነቀችው ነው? ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብለህ የምትሸልታቸው በጎች ብዛት፣ የምትውልበት ሙቀት፣ የምታድርበት ቆርቆሮ ቤት ሁሉ በሐሳቤ ይመላለሳል። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባባ ጉልበታቸው ከሚያስቸግራቸው በቀር ደህና ናቸው፤ ምላሳቸው እንደሆነ ምንም አልነካውም። ዝናቡ ከገባ ሦስት ሳምንት ሆነው።

ይህን ሁሉ በስልክ ብነግርህ ይቀለኝ ነበር። ነገር ግን አንተ በሰው አገር የምትሠራበት እርሻ ስልክ የሚይዘው ኮረብታ ሲወጡ ነው፤ አባባ ደግሞ «በስልክ ከሆነ ይስቅብኛል፤ በወረቀት ጻፊለት፣ ሲያነበው ፊቱን አላየውም» ብለው አዘዙኝ። ስለዚህ ሻይህን ይዘህ ቁጭ በል፤ ወሬው ረዘም ያለ ነው።

የቤቱን ነገር አንተ ታውቃለህ። ስገዛው ከዋጋው አንድ አምስተኛውን መንግሥት ከፈለልኝ። ስመልስለት የምመልሰው ግን ያኔ የሰጠኝን ገንዘብ ሳይሆን፣ ቤቱ በምከፍልበት ጊዜ ከሚያወጣው ላይ አንድ አምስተኛውን ነው። ቤቱ ከተወደደ ዕዳዬም አብሮት ይወደዳል። ይህን አባባ አያውቁም ነበር። እማማ ካረፈች በኋላ የታችኛውን መስክ ለቤት ሠሪው ሸጡት፤ እዚያ ላይ ከተሠሩት ስድስት ቤቶች የዳሩን እኔ ገዛሁ። መጀመሪያ የገባን ቀን ደጃፉ ላይ ቆመው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ «አየሽ ሜና፣ ከመሬታችን አልወጣንም» አሉኝ። ለእኚህ ሰው እንዴት አድርጌ «አንድ አምስተኛው የእኛ አይደለም» ልበላቸው? ሆድ ይፍጀው ብዬ ስድስት ዓመት ዝም አልኩ።

ዘንድሮ ግን ዝም የሚባልበት አልሆነም። በመንግሥት ድርሻ ላይ ወለድ መታሰብ ጀመረ። ባንኩ ዕዳውን እንድዘጋበት ሠላሳ ሁለት ሺህ ፓውንድ ሊጨምርልኝ ተስማማ፤ ያውም እስከዚህ ወር መጨረሻ ብቻ። አንተ ደግሞ በላብህ ያጠራቀምከውን ስድስት ሺህ ላክህልኝ፤ እጅህ ይባረክ። በጠቅላላው ሠላሳ ስምንት ሺህ ሆነ። ቤቱ ከመቶ ዘጠና ሺህ በላይ ከተገመተ ይህ አይበቃኝም። ካልበቃኝ ደግሞ በትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ደሞዝ ሁለት ዕዳ ጎን ለጎን መግፋት ስለማልችል፣ ቤቱን ሸጬ አባባን ከተማ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ይዤላቸው መግባቴ ነው። ከጎኔ ያለው ቤት ባለፈው ጸደይ በሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሺህ ተሽጧል። እንቅልፍ የሚባል ነገር ከዓይኔ ጠፍቶ ነበር።

እናም ለገማቹ ቤቱን እንዳለ ላሳየው ቆረጥኩ። መዋሸት አልፈለግሁም፤ ማሳመርም አልፈለግሁም። የግቢው በር ቀለሙ ተላጧል፣ አጥሩ አድጎ መንገዱን ይዟል፣ ደጃፉን ሳማ ውጦታል። በሕይወቴ በሳማ ደስ ያለኝ ያኔ ብቻ ነው። ስህተቴ ኩሽና የተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ላይ «ሐሙስ፣ የቤት ገማች ይመጣል» ብዬ መጻፌ ነበር።

አባባን ታውቃቸዋለህ። በዕድሜያቸው የሚያውቁት ግምት የከብት ገበያውን ግምት ብቻ ነው። አውራ በግ ለውድድር ዳኛ ፊት ከመቅረቡ በፊት ይታጠባል፣ ይከረከማል፣ ሰኮናው ይወለወላል። ጽሑፉን ሲያዩ ልጄ ሰው ላለማስቸገር ብላ ዝም ብላለች ብለው ለድሮዋ ጎረቤታችን ለእትዬ ኔስታ ነገሯቸው። ለእትዬ ኔስታ መንገር ደግሞ አዋጅ ማስነገር ማለት ነው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ልጆቹን አድርሼ ስመለስ መንገድ የሳትኩ መሰለኝ። ገበሬው ዊን የወተት በረቱን የሚያጥብበትን ማሽን አምጥቶ ግድግዳውን ሁሉ አጥቦታል። አጥሩ ተከርክሞ ቀጥ ብሏል። እትዬ ኔስታ የገዛ መጋረጃቸውን ከቤታቸው አውርደው ሳሎኔ ውስጥ ሰቅለዋል፤ ከጓሮው ግድግዳ ሥር ደግሞ አበባ የሞላባቸው ስምንት ሸክላዎች ደርድረዋል። አባባ በዚያ በማይታዘዝ ጉልበታቸው ተንበርክከው የግቢውን በር አረንጓዴ ይቀባሉ። ያልታጠቡት ከመንገዱ ማዶ ያሉት የዊን በጎች ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ጊዜ ስላልበቃ ነው።

«አሁን ይምጣና ይየው!» አሉ እትዬ ኔስታ ወገባቸውን ይዘው። «ሁለት መቶ ሃያ ሺህ ካላለ እኔ ኔስታ አይደለሁም!»

አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እትዬ ኔስታም የኬክ ሳህን እንደያዙ ወደ አባባ ዞረው፣ «አየህ ኤምሊን፣ ደስታ እኮ ነው» አሉ።

ሰዉ ከተበተነ በኋላ ራት ላይ ለአባባ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። የበግ ሾርባቸውን ሳይቀምሱ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ ዙሪያውን ቃኝተው፣ «አንድ አምስተኛው የትኛው ነው? ኩሽናው ነው?» አሉኝ። እንደሱ አይደለም አባባ፣ ከሁሉም ላይ ነው አልኳቸው። «ከእኔ አልጋም?» አሉ። አልጋው የእርስዎ ነው አልኩ። «ስድስት ዓመት ይህን ብቻሽን ተሸክመሽ!» አሉና በጓሮ በር ወጡ። ከአበባ ሸክላዎቹ አጠገብ ቆመው ብዙ ቆዩ። እኔ የተቀየሙኝ መስሎኝ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ገማቹ መጡ። አቶ ፔንሪ ይባላሉ፤ ጫማቸውን ደጃፍ ላይ አውልቀው በካልሲ የገቡ ጨዋ ሰው ናቸው። እየለኩ፣ እየጻፉ፣ «እንዴት ያለ በደንብ የተያዘ ቤት ነው!» ባሉ ቁጥር ልቤ ስንጥቅ ይል ነበር። ዊን ደግሞ ሆን ብሎ ትራክተሩን ደጃፌ ላይ አቁሞ፣ «እንዲህ ያለ ጸጥተኛ ሰፈር የትም አታገኙም!» ብሎ ከሞተሩ ድምፅ በላይ ጮኸ። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ።

ያኔ አባባ የቤተ ክርስቲያን ሱፋቸውን ለብሰው፣ በትራቸውን ይዘው ብቅ አሉ። «ና ልጄ፣ ከኋላ ያላየኸው ነገር አለ» ብለው አቶ ፔንሪን ወደ ጓሮ ወሰዷቸው። የአበባ ሸክላዎቹን አንድ በአንድ እያነሱ ወደ ጎን አስቀመጡ። ከሥራቸው ያለው ንጣፍ ረጥቧል፤ ግድግዳው እስከ ጉልበት ድረስ አረንጓዴ ሻጋታ ይዟል። ዮሎ፣ አባባ ቅጠል በረገፈ ቁጥር የዚያን ግድግዳ የታችኛውን ክፍል ብቻ ነጭ ሲቀቡ እጃቸውን ማፍታቻ አጥተው ነው እያልኩ እስቅባቸው ነበር።

«እዚህ ሥር ምንጭ አለ» አሉ አባባ። «አርባ ዓመት በጎቼን ያሰማራሁበት መሬት ነው፣ አውቀዋለሁ። መሬቱን የገዛኝ ሰው የመጣው በደረቅ በጋ ነው። ‹ውሃ አለው ወይ?› ቢለኝ ‹ይታይሃል ወይ?› አልኩት። አልዋሸሁትም፤ ግን አልነገርኩትም። ከዚያ የገዛ ልጄ መጣችና ከስድስቱ ቤቶች ይህንኑ መርጣ ገዛች። ይኸው በቀለም ስሸፍን እኖራለሁ። ትናንትም በአበባ ሲሸፈን አየሁና ተውኩት። ጻፈው ልጄ፣ ሁሉንም ጻፈው።»

አንጀቴን በሉት። አቶ ፔንሪ እርጥቡ ላይ ተንበርክከው የያዙትን የእርጥበት መለኪያ ግድግዳው ላይ ሲያስደግፉት ጮኸ፤ ብዙም ጻፉ። ሊሄዱ ሲሉ የአባባን እጅ ጨብጠው፣ በዚህ ሥራ አሥራ ሁለት ዓመት ሲኖሩ እንዲህ ያለ የቤት ባለቤት እንዳላጋጠማቸው ነገሯቸው። «ባለቤቱ እሷ ናት» አሉ አባባ፣ «የአራት አምስተኛው።»

መልሱ እስኪመጣ ስምንት ቀን ፈጀ። ቤት ሠሪው ድርጅቱን ዘግቶ ከሄደ ቆይቷል፤ አባባ ግን ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው የአምስቱንም ጎረቤቶች በር አንኳኩተው ተናገሩ። ምንጩ በእኛ ጥግ ብቻ ስለሆነ የተቆጣ ሰው አልነበረም፤ አንዷ እንዲያውም አቅፋ ሳመቻቸው። እትዬ ኔስታ ሲሰሙ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ውይ፣ እሱንማ አውቀው የለም እንዴ! እናቴ ውሃ ትቀዳ የነበረው ከዚያ ነው።» ታዲያ ለምን አልነገሩኝም ብላቸው፣ «ኤምሊን የነገረሽ መስሎኝ ነዋ!» አሉኝ። አበባዎቹን ለምን እዚያ ላይ አስቀመጡ ብላቸው ደግሞ፣ «የሚያነክስ በግ ለዳኛ የሚቆመው በደህና እግሩ በኩል አይደለም እንዴ? የገበሬ ልጅ ሳትሆኚ ነው ያደግሽው?» ብለው እኔኑ ተቆጡኝ።

ወረቀቱን አውቶቡሱ ውስጥ ነው የከፈትኩት። መቶ ሰማንያ ስድስት ሺህ። ቤቷ በመርከሱ ጮቤ የረገጠች ሴት አይተህ ታውቃለህ? ሰባተኛ ክፍሎች በመስኮት እያዩ ሳቁብኝ። ሠላሳ ሰባት ሺህ ከሁለት መቶውን ከፈልኩ፤ ስምንት መቶ ተረፈን። ዕዳው መዘጋቱን የሚያሳየው ደብዳቤ የመጣ ቀን ለአባባ አነበብኩላቸው። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝና፣ «ታዲያ አሁን ኩሽናው የእኛ ነው?» አሉ። አዎ አባባ፣ የእኛ ነው አልኳቸው። ተነሥተው ሻዩን ራሳቸው ጣዱ።

አሁን ደብዳቤውን ወዳስጻፈኝ ነገር ልምጣልህ። ባለፈው ቅዳሜ በተረፈችው ገንዘብ ቧንቧና ጠጠር ገዝተን፣ ዊን ውሃውን ወደ ጅረቱ የምናስወጣበትን ቦይ በመቆፈሪያው ይቆፍርልን ጀመር። አባባ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው በትራቸው ያዝዛሉ። ወገብ ያህል እንደጠለቀ «አቁም!» ብለው ጮኹ። ጭቃው ውስጥ አንድ ቀይ ነገር ታየ።

የአንተ የላስቲክ ቦቲ ናት፣ ዮሎ። የግራ እግርህ። አምስት ዓመትህ ነበር፤ እኔ አሥር ነበርኩ። እጁን እንዳትለቂው ተብዬ ለቅቄህ እስከ ጭንህ ድረስ ሰመጥክ። ስጎትትህ እግርህ መጣ፣ ቦቲው ቀረ። እማማ እኔን ስትቆጣኝ አባባ አንተን አቅፈው ወደ ቤት መሄዳቸው ትዝ ይለኛል።

ቅዳሜ ዕለት እዚያው አፈሩ ቁልል ላይ ተቀምጠው ቦቲዋን ጉልበታቸው ላይ አደረጓት። «ጥልቀቱን የዚያን ቀን አይቼዋለሁ» አሉኝ። «ልጄን ሊበላብኝ የነበረ መሬት ነው። ረስቼው አይደለም የሸጥኩት። ለዮሎ ጻፊለት።» ከዚያ ኩሽና ገብተው በብሩሽ እየፈተጉ አጠቧት። ይኸው ጻፍኩልህ። እኔ አልተቀየምኳቸውም፤ አንተም እንዳትቀየማቸው። እኔም ስድስት ዓመት ደብቄያቸዋለሁ። አንድ ጣሪያ ሥር እየተሳሳን፣ አንዳችን ለአንዳችን እየፈራን ኖርን። አሁን ራት ስንበላ ብዙ እናወራለን። እወዳቸዋለሁ፤ ላንተ ይህን መጻፍ ለእሳቸው ከመናገር ይቀለኛል።

እትዬ ኔስታ በብዙ ሰላም ይሉሃል፤ መጋረጃቸውን መልሰው አልወሰዱም፣ ለአዲሱ ዓመት ነው የምወስደው ይላሉ። ዊን «የሰው አገር በግ ከምትሸልት የእኔን ናና ሸልት» ብሎሃል። አሮሃን አጥብቀህ ሳምልኝ፤ እናቷንም ሰላም በልልኝ። ኒያን ሁለቱንም ጉንጮቿን።

አባባ ከሰላምታቸው ጋር አንድ ትእዛዝ አላቸው። ኒያን ባዶ እግሯን ወረቀት ላይ አስቁማትና ዙሪያውን በእርሳስ ነድፈህ ላክላቸው። ከቦቲዋ ጋር ሊያስተያዩት ነው። ቀኙን እንገዛለን ቢሉኝ አንድ እግር ብቻ የሚሸጥ የለም አልኳቸው። «ታዲያ ሁለቱን እንገዛለን፤ አንዱ ይተርፍ» አሉ። ቦቲዋ ምድጃው አጠገብ ናት። ጓሮው ደርቋል፤ ትምጣና ትሩጥበት።

እህትህ ሜና

ላንደርወን፣ ዌልስ
ኖቬምበር 20 ቀን 2024