የኋላ መቀመጫ የሌላት መኪና

ልጄ ፀደይ፣ እዚያ ካይሮ በምትወጪበት በምትገቢበት እመብርሃን አትለይሽ። እኛ ገዳሪፍ ደህና ነን፣ ከአባትሽ በስተቀር።

ከሰሊጥ መጋዘኑ ጀርባ ስትዝግ የኖረችውን ያችን ጣሪያ የሌላት የእንግሊዝ መኪና አስጎትቶ ግቢያችን ከተታት። ፍየሏ ገብታ ወለደችባት። ለሚያፈሰው ቤታችን ያመጣሁትን ቆርቆሮ ለመኪናዋ መጠለያ ሠራበት! አሁን ደግሞ «ትታደስ ወይስ ትጣል፣ ፀደይ ትወስን» ይለኛል።

ቤንዚን በጠፋበት አገር ምን ልታደርግልህ ነው ስለው፣ «ፀደይ ስትመጣ እሷ ትነዳለች፣ እኔ ከጎኗ እቀመጣለሁ» አለ። መቀመጫዋ ሁለት ብቻ ነው። «እኔስ?» ብለው መሪዋን መወልወል ጀመረ!

እባክሽ ልጄ፣ ትታደስ ካልሽም መጀመሪያ «ከኋላ ለእናቴ መቀመጫ በይድላት» በይው። ስትመጪ መቼም ከኋላችሁ በእግሬ አልሮጥም። ለዚያ ቀን በጤና ያድርሰን።

እናትሽ ሙሉነሽ