እድፍ ያልነበሩት ኮከቦች

ለእታለሜ፣

በእጄ፣ አዎ በገዛ እጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ እላለሁ። ጉልበትሽስ ተሻለው ወይስ ዛሬም ደረጃ በወጣሽ ቁጥር እንደ አሮጌ በር ይጮሃል? የእናታችን ጆሮ እንዴት ነው? ባለቤትሽን ሳሉ ለቀቀው? የትንሿ ልጅሽ የፊት ጥርስስ በቀለ? እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ባልሆን ኖሮ ይህን የመሰለ የእጅ ጽሑፍ ከየት ይመጣ ነበር? ፊደሎቼን ተመልከቺማ፣ እንደ ሰልፈኛ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ባለቤትሽ «ስሙን መፈረም የማይችል» እያለ የሚስቅብኝን ሳቅ አሁን አጥፎ ሣጥን ውስጥ ይክተተው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከትምህርቱ ልጀምር። የማታ ትምህርቱን ጨርሼ ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። ዘጠኝ ነበርን፤ አራቱ የፈተናው ቀን አልመጡም፤ እሱ የእነሱ ጉዳይ ነው። በመጨረሻው ወር መምህራችን ኮምፒውተር ፊት አስቀምጣ ጽሑፍን በምልክት ማስዋብ አስተማረችን። በመስመሩ መነሻ ላይ መሰላል የምትመስለዋን # ታስቀምጫለሽ፣ ትንሽ ክፍተት ትተሽ ትጽፊያለሽ፤ ኮምፒውተሩ ርዕስ አድርጎ ያገዝፍልሻል። አንድን ቃል ከግራና ከቀኝ በሁለት ሁለት ኮከብ ካቀፍሽው ይደምቃል። በየመስመሩ ራስ ላይ ሰረዝ ካደረግሽ ዝርዝር ይሆናል። የመጀመሪያ ቀን ክፍተቷን ረሳሁና መሰላሏ ስክሪኑ ላይ እንዳለች ተገትራ ቀረች፤ መምህሯም «መሰላሉን አቁመህ ሳትወጣበት ቀረህ» ብላ ክፍሉን አሳቀችብኝ። ከዚያ ወዲህ አልተሳሳትኩም፤ ብሳሳትም ማንም አላየኝም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። የምሠራበት ልብስ ማጠቢያ ቤት መግቢያው ላይ የማስታወቂያ ስክሪን ተሰቅሏል። ሠራተኛው ማስታወቂያውን ኮምፒውተር ላይ ይጽፋል፣ ጸሐፊው አይቶ ያወጣዋል። ባለፈው ሳምንት የሦስተኛው መተኮሻ ማሽን ማቆሚያ ተበላሸና ኃላፊዋ ማስታወቂያ ጻፍ አለችኝ። እኔን! ደብተሬ ላይ አርቅቄ፣ ሁለቴ አንብቤ፣ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

# ሦስተኛው ማሽን ተበላሽቷል
**እጅ እንዳታስገቡ!**
- ማቆሚያው አይሠራም
- እስኪጠገን በሁለተኛው ተጠቀሙ

ጸሐፊው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? መሰላሏን ነቀለ፣ ኮከቦቹን ለቀመ፣ ሰረዞቹን ጠረገ። የቀረውን ስለጠፋ ቁልፍና ስለ እረፍት ሰዓት ከተጻፈው ጋር እንደ ቆሻሻ ልብስ አንድ ከረጢት ውስጥ ጠቅጥቆ አወጣው።

በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌው ልብስ ተኳሽ እንደ ልማዱ ከሁላችን ቀድሞ ገባ። አርፍዶ ስለማያውቅ «ሰዓቱ» ነው የምንለው። ስክሪኑን ቀና ብሎ ቢያይ የቁልፍ ወሬ ነው፤ አለፈው። አንሶላ ሲይዝበት ላላቅቅ ብሎ እጁን ሦስተኛው ማሽን ውስጥ ቢሰድ ማሽኑ አልቆም አለና ሁለት ጣቶቹን ለበለበው። ይህ ሳያንስ ኃላፊዋ፣ ማስታወቂያ ወጥቶለት አላየሁም የሚል ሰው ጥፋቱ የራሱ ነው ብላ የስንብት ወረቀት አዘጋጀች። ጸሐፊውም ዓይኑን በጨው አጥቦ «እኔ አውጥቼዋለሁ» ሲል መሰከረ። ሰዓቱ የተጠቀለለ እጁን አቅፎ በደህና እጁ ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ።

እታለም፣ ደሜ ፈላ! ደብተሬን ይዤ ሳላንኳኳ ቢሮ ገባሁ። ጸሐፊውን ከወንበሩ አስነሥቼ ተቀመጥኩና ያንኑ ማስታወቂያ ከነምልክቱ ገልብጬ ጻፍኩት። ስክሪኑ ላይ ወጣ። ኃላፊዋን ከግቢው በር አጠገብ አቁሜ ከዚያ ሆና እንድታነብ ጠየቅኳት፤ «እጅ እንዳታስገቡ» የሚለውን ያለ መነጽሯ አነበበችው። ጸሐፊውን ለምን እንዳጠፋው ስትጠይቀው ምን አለ መሰለሽ? «ገና አሁን ፊደል የቆጠረ ሰው ነው፤ ጣቱ ስቶ የነካካው መስሎኝ አጸዳሁለት» አለ። አጸዳሁለት! አሥራ አንድ ዓመት እድፍ ላጠብኩት ለእኔ! እድፍና ጥለት የማይለይ አጣቢ እኛ ዘንድ አንድ ቀን አያድርም። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ያሉት እሱን አይተው መሆን አለበት። ኃላፊዋ ወረቀቱን ቀደደችው። ሰዓቱ ጣቱ እስኪድን አርፎ ወደ ሥራው ይመለሳል። ለእሱም ለእኔም ግን ይቅርታ የሚል አንድ አፍ አልተገኘም።

ከቢሮው ስወጣ አንድ ነገር ውል አለኝ። እስከ ዛሬ የደረሱሽን ደብዳቤዎች እኔ እየነገርኩት የጻፈልኝ ይኸው ጸሐፊ ነው። አንቺም «ደብዳቤህ እንደ ፍርድ ቤት መጥሪያ ደረቀብን፣ ሰው አገር ልብህ ደነደነ ወይ?» ብለሽ ልከሽብኝ ነበር፤ እኔም ምን አጠፋሁ እያልኩ ስብሰለሰል ከረምኩ። ተመልሼ ገብቼ ጠየቅኩት። አላፈረም። ቀልዶቼን ለደብዳቤ አይመጥኑም ብሎ፣ መጨረሻው ላይ ሦስት ሦስቴ ያስጻፍኩትን ደግሞ ድግግሞሽ ነው ብሎ እንዳወጣው ነገረኝ። ሰባት ደብዳቤ ሙሉ!

ስለዚህ አደራሽን። ይህን ለእናታችን ስታነቢላት ኮከብ ያየሽበት ላይ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ፤ ሦስቴ የተጻፈውን ሦስቴ አንብቢ። አንዱንም እንዳታጸጂብኝ።

የእናታችንን ጉልበት ሳሚልኝ። ባለቤትሽን፣ ሳሉን ይተው እንጂ ሳቁን ይቅር ብዬዋለሁ በዪው። ትንሿን ጥርሷ በወለቀበት በኩል ጉንጯን ሳሚልኝ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋንም፣ ያ ቁልፍ መትከል ያቃተው አሁን ደብዳቤ ይጽፋል ብለሽ አስደንግጫት።

ናፍቃችሁኛል።
ናፍቃችሁኛል።
ናፍቃችሁኛል።

ወንድምሽ፣ የራሱ ጸሐፊ

ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ካለችው ክፍሌ
ሰኔ 4 ቀን