የገናሌ ገመድ

ጥር 14 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ ከቀኑ 5 ሰዓት፣ ገናሌ ዳር

በእኔ ኃላፊነት ያለው ጠላቂ፣ ፲ አለቃ ደምሴ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ወንዙ ገባ። ውሃው ድፍርስ ነው፣ የራስን እጅ አያሳይም። ስለዚህ ወገቡ ላይ ገመድ አለ። አንዴ ከሳበ ደህና ነኝ፣ ሦስቴ ከሳበ አውጡኝ። ጫፉን የያዘው ወታደር ጃርሶ፣ የነገሌ ልጅ። አንዱ ወታደር ጠመንጃ ይዞ አዞ ይጠብቃል።

ደምሴ በጀርባው የተሸከመውን የግማሽ ሰዓት አየር በሩብ ሰዓት ጨረሰው። ትንፋሹን ይዞ ሽቅብ ተወነጨፈ። ሳንባ የሚቀደደው እንዲህ ነው! የእሱም የጃርሶም የመጥለቅ ትምህርት አ.አ.፣ የሆቴል መዋኛ ውስጥ፣ ዘጠኝ ቀን። ማኅተም ያለው ወረቀት ግን ይዘዋል። በልግ ሳይገባ እዚህ ወንዝ ውስጥ የሰመጠውን የጦሩን ካሚዮን በሽቦ ገመድ አስረው ማስወጣት አለባቸው።

ጥር 15፣ ነገሌ

ደብተሬ፣ ሰው ማዋረድ አልወድም። እኔን ምጽዋ ላይ መጥለቅ ያስተማረኝ ሰው የሚያርመኝ በጥፊ ነበር። ደምሴን ለብቻው ጠራሁት። መጀመሪያ ጉብዝናውን አነሳሁ፣ ከዚያ ትንፋሽህን ረጋ ብታደርግ፣ ቀስ ብለህ ብትወጣ አልኩት። አቤት ጌታዬ፣ አቤት አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ክበብ ውስጥ ደምሴ ስለ እኔ «ባሻ አመሰገነኝ» እያለ ያወራል። ወይ ጉድ! ማሩን አብዝቼ ኮሶውን አጠፋሁት።

አዛዣችን ሻለቃው ስልክ ደወለ። ሁለቱ ጠላቂዎች ዝግጁ ናቸው ወይ? አለኝ። አዎ ጌታዬ አልኩ።

ጥር 17፣ ገናሌ

 ደምሴ ገባ። አንዴ ሳበ፣ ደህና። ቆይቶ አንዴ፣ ደህና። ገመዱ ጃርሶ እጅ ላይ ሲንዘፈዘፍ ፊቱ ተለወጠ። «ናጋ ሚቲ! ባሻ፣ ደህና አይደለም» አለና ሳልፈቅድለት ጎተተው። እሰይ፣ እንኳን ፈቃዴን አልጠበቀ! ደምሴ ሲወጣ መነጽሩ ደም ሞልቷል። ጆሮው ገና ከገባ ጀምሮ ሲወጋው ነበር።

ለምን ሦስቴ አልሳብክም? አልኩት። አለቃ ቆሞ እያየ እንዴት አውጡኝ ይባላል አለኝ። እየደማ ያፍራል! ዞር ብዬ አለቀስኩ።

ጥር 18፣ እሑድ

የደምሴ ሚስት ወ/ሮ አስቴር መጣች። ስምንት ወሯ ነው። ባሻ እርስዎ እያሉ አልሰጋም ብላ እጄን ልትስም ጎንበስ አለች። አፈርኩ። ሐሙስ ለሻለቃው ምን አልኩት? እኔም እኮ ደህና ነን ብዬ አንዴ ነው የሳብኩት።

ጥር 19፣ ገናሌ

ዛሬ እኔ ገባሁ፣ ሁሉም እያዩ። ብዙ አልወረድኩም። ምንም ሳልሆን ሦስቴ ሳብኩ። ጃርሶ ጎትቶ አወጣኝ፣ ወታደሩ ሁሉ ተሯሯጠ። ልቤ ፈራ፣ ሳብኩ አልኳቸው። ማንም አልሳቀም። ደምሴ ጆሮው ላይ ጥጥ እንዳደረገ አፍጥጦ አየኝ።

ከዚያ ያለ ማር ነገርኩት። ገና ነህ። እንዲህ ከገባህ ይህ ወንዝ ይገድልሃል። ጥፋቱ ያንተ አይደለም፣ የዘጠኝ ቀኑ ትምህርት ነው። ጆሮህ ሲድን ከጃርሶ ጋር እንደ አዲስ ትጀምራላችሁ። አቤት አላለም። ለሻለቃውስ እንዲህ ይባላል ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ሻለቃው ነገ 3 ሰዓት ይመጣል። ማዕረጌን ሊገፍፈኝ ይችላል። ይግፈፍ። ሪፖርቱን ጽፌያለሁ፦ ሁለቱም ገና ብቁ አይደሉም፤ ሐሙስ ዝግጁ ናቸው ያልኩት ውሸት ነው። ፈርሜበታለሁ። ነገ ለሻለቃው ሳነበው ደምሴ አጠገቤ ይቆማል።