ጡቴን ኩላሊት ብለው ላወጁት ሊቀመንበራችን

ለተከበሩ አቶ ጫኔ፣
በጁባ የሃይ ማላካል ሰፈር ኢትዮጵያውያን መረዳጃ ዕድራችን ሊቀመንበር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል እያልኩ፣ የመላ ቤተሰብዎ ደረት እንደ ቃልዎ የጠና እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ የእህትዎ የወይዘሮ ዓባይነሽ ልጅ ዘካርያስ፣ ናይሮቢ ላይ በካንሰር ምክንያት ግራ ጡቴን አስቆርጬ በሕይወት ተመልሻለሁ። ባለፈው እሑድ ግን በኩላሊት ታምሜ እንደነበር ለአባላት ሲያበስሩ በጆሮዬ ስለሰማሁ፣ ስለማላውቀው ኩላሊቴ ላመሰግንዎ ይህችን ደብዳቤ በዕድሩ ሰሌዳ ላይ ለመለጠፍ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፦ አምና በቶንፒንግ ሰፈር ባለው ሆቴል አዳራሽ ለሴቶች የጡት ምርመራ ሲዘጋጅ፣ እኛን ወንዶቹን ወንበር አስደርድረው በክብር ስላስወጡን ምስጋናዬ የላቀ ነው። ኢትዮጵያ ያደገችው ደቡብ ሱዳናዊቷ ነርስ ኛኩዎት በጥሩ አማርኛዋ ወንዶችም ይታዩ ብላ ስትለምንዎት፣ ይህ የሴቶች ጉዳይ ነው ብለው በሩን በገዛ እጅዎ ዘጉት። ደጅ የቀረነው ሁሉ ሳቅን። እኔ ግን የምስቀው እብጠቴን በክንዴ ሸፍኜ ነበር።

ሁለተኛ፦ እናቴና እህቷ እትዬ አስረሳሽ ሲያርፉ ለለቀስተኛው ምች ነው ያሉት እርስዎ ነበሩ። ናይሮቢ ያከመችኝ ሐኪም የቤተሰቤን ታሪክ ስትጠይቀኝ፣ እርስዎ እንዳስተማሩኝ ምች ብዬ መለስኩላት። ሁለቱም በጡት ካንሰር እንደሞቱ ያወቅሁት አልጋ ላይ ሆኜ አባቴን በስልክ ስለምነው ነው። በኋላም የደም ምርመራዬ በሽታው በዘር የሚተላለፍ መሆኑን አረጋገጠ። ይህ ውርስ ከእናትም ከአባትም ይመጣል፣ ወንድ ሴት ብሎም አይመርጥም። አበው በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲሉ እርስዎን አላወቁም፤ እርስዎ የሚደብቁት የሌላውን ሰው በሽታ ነው።

ሦስተኛ፦ ይኸው ውርስ በታናሽ ወንድሜ በናቲ ደም ውስጥም ሊኖር ይችላል። ተመርመር ስለው፣ አጎቴ ኩላሊት ነው ብሏል፣ እሱ ይዋሻል እንዴ አለኝ። የጁባ ውሃ ነው ጥፋተኛው ብሎም አንድ ካርቶን የታሸገ ውሃ ተሸክሞ ቤቱ ገባ። እዚህ ላይ ምስጋናዬ አለቀብኝ። ተናድጃለሁ፣ ጋሼ ጫኔ። ለስምዎ ሲሉ ወንድሜን እንዲቀብሩብኝ አልፈቅድም።

ስለሆነም በመጪው እሑድ ስብሰባ ላይ ጡት የሚለውን ቃል ድምፅዎን ከፍ አድርገው እንዲናገሩና፣ የሚቀጥለው ምርመራ ለወንዶችም ክፍት እንዲሆን ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጠይቃለሁ።

ሁለቱም ኩላሊቶቹ ደህና የሆኑለት፣
አንድ ጡት የጎደለው ወንበር ደርዳሪዎና የእህትዎ ልጅ፣
ዘካርያስ
ጁባ፣ ጥር 2005 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ይኸው የዘር ውርስ በወንዶች ላይ የፕሮስቴት ካንሰርን ዕድልም እንደሚጨምር ሐኪሟ ነግራኛለች። ሁለት እህቶችዎን ቀብረዋል፤ በየስብሰባው መካከል ደጋግመው ወደ ሽንት ቤት ሲወጡም ሁላችንም እናያለን። ይመርመሩ፣ እኔም አብሬዎት እሄዳለሁ። ሐኪሙ ምንም ቢል ግን፣ ለአባላት ምች ነው አልልልዎትም።