አረንጓዴው ታኮ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5። ከቀኑ 10 ሰ.

አውሮፕላኗ ዛሬም ተጣበቀች። አራተኛ ቀኗ። ቀዩ ትራክተር አፍንጫዋን ይገፋል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ፈቀቅ አትልም። ልጄ እዮብ መሪውን ለቆ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። እኔ ከኋላው በርጩማ ላይ ነኝ። ዝም አልኩ። ደብተር ሆይ፣ ዝም ማለት ለኔ ከባድ ሥራ ነው፤ አስካለን ጠይቃት።

አስካለ ሚስቴ ናት። ይህን የምትጽፈውም እሷ ናት፤ ሠላሳ ዓመት ሁለተኛ ክፍል አስተምራለች። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። አላፍርበትም። ሠላሳ አንድ ዓመት እዚሁ ድሬ አውሮፕላን ማረፊያ በትራክተር አውሮፕላን ገፍቻለሁ፣ አንዲት ጭረት ሳላስነካ። ጻፊው አልኳት። ጻፈችው። ቀና ብላ አይታኝ ነው ግን የጻፈችው።

ይቺ የተጣበቀችው የእውነት አይደለችም። ኮምፒውተር ውስጥ ናት፣ የበረራ ማስመሰያ ነው፣ ሲሙሌተር ይሉታል። ሜዳው ግን የኛው ነው። እዮብ ሁለት ዓመት ቁጭ ብሎ ሠራው፤ ተራራው ሳይቀር፣ አጥሩ ሥር ያለው የእሾህ ዛፍ ሳይቀር። እሑድ በድምፅ ብቻ የሚያውቃቸው ጓደኞቹ ከያሉበት አገር፣ ከየቤታቸው፣ በዚህ ሜዳ ተገናኝተው አብረው ሊነሱ ነው። ጋባዡ እዮብ ነው፣ ቀድሞ የሚነሳውም እሱ። ጋባዥ ደጃፉ ላይ ተጣብቆ ሲቀር ምን ይባላል?

እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ሜዳውን አጠፋዋለሁ ብሏል። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አሠራሬ ነው ይላል። ሌላ ሜዳ ላይ አትጣበቅማ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6። ከቀኑ 9 ሰ. ተኩል

ሙቀት። መብራት ጠዋት ጠፍቶ ስምንት ሰዓት ላይ መጣ።

እዮብ አስረዳኝ። ሲሙሌተሩ ብቻውን ሜዳና አውሮፕላን ነው፣ ሠራተኛ የለውም። ሠራተኛ የሚያመጡ ሌሎች ሁለት ፕሮግራሞች ጨምሮበታል። አንደኛው ገፊ ነው፤ ትራክተሩም፣ ጎማ እንዳይንከባለል ሥሩ የሚሸጎጠው ታኮም ቀይ። ሁለተኛው መሰላል፣ ሻንጣና ሰዎች ያመጣል፤ ዕቃው ሁሉ አረንጓዴ። ይህን ሁለተኛውን ድሬ ሜዳ ላይ ብቻ ነው የሚጠቀምበት። መግፋት እንዳይችል ስለዘጋው አያስቸግርም ይላል። ስለዚህ የሚፈታታው ቀዩን ነው። አምስት ጊዜ ነቅሎ መልሶ ተከለው።

ከአረንጓዴው ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ። እዮብ ነው የሣለኝ። ቆቤ፣ ብርቱካናማው ሰደርያዬ፣ ቀኝ ትከሻዬ ዝቅ ማለቷ። ተገፍቶ ሲያበቃ ፒን ከፍ አድርጌ አሳያለሁ። ፒን ማለት ስንገፋ የፊት ጎማው ላይ የምንሰካው ብረት ነው። ነቅለን፣ ጥብጣቡን አንጠልጥለን ለአብራሪው እናሳየዋለን። ሳያየው አይንቀሳቀስም። ሕግ ነው። እዮብ በልጅነቱ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ይህን ሲያይ ነው ያደገው።

ዛሬ መነጽሬን አድርጌ ወደ ጎማው ተጠጋሁ። ትራክተሩ ሲመጣ ቀዩ ታኮ ተነሳ። በዓይኔ አየሁ። ጎማው ሥር የቀረው አረንጓዴ ነው! እዮብ ታኮውን ያያል፣ ያው ቀዩ አልነሳ አለ ይላል። ለሱ ሁለቱም አንድ ነው።

ቀለሙን ልጠራለት ፈለግኩ። መነጽሬን አውልቄ ወደ በርጩማዬ ተመለስኩ።

የአብራሪነቱን ፈተና ሁሉ አልፎ ነበር። ዓይኑ ቀይና አረንጓዴ አይለይም ተብሎ ከሐኪም ቤት ተመለሰ። ይኸው ስድስት ዓመት ሆነው። ከዚያ ወዲህ እዚህ ቤት ስለ ቀለም አይወራም። አስካለ ቲማቲም በስሏል ወይ ብላ እንኳ አትጠይቀውም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7። ከቀኑ 11 ሰ.

ተጣላን።

ቀለም ሳልጠራ ላስረዳው ፈለግኩ። ጎማውን እይ አልኩት። አየሁት አለ። አስተውለህ እይ አልኩት። ከመላው ዓለም የተጻፈ ምክር ሲያነብ ነው ያደረው፣ ዓይኑ ደም መስሏል። ዞር ብሎ «አባዬ፣ ያልተነበበ ነገር በምን ይታወቃል?» አለኝ።

ተነስቼ ወጣሁ። ከዘራዬን እንኳ ረሳሁ።

በከዚራ ሰፈር ጥላ ጥላውን ይዤ ዑስማን ሱቅ ሄድኩ። ዑስማን የድሮ ባልደረባዬ ነው። እኔ ስገፋ እሱ በክንፉ በኩል ይጠብቅ ነበር፤ ዛሬ ሽርጥና ጨርቅ ይሸጣል። ነገርኩት። ሳቀ። ዋርያ፣ ኮምፒውተር ውስጥም ጡረታ አይሰጡህም እንዴ አለኝ። ሙሸበክ አስገዝቶ አበላኝ። ጣፋጭ አልወድም፣ በላሁ።

ስለ ታኮ ሳወራ ግን ዞር አለ። ጨርቅ ማጠፍ ጀመረ። የታጠፈውን እንደገና አጠፈው። ምን እንዳስታወሰ አውቃለሁ። አስካለም ታውቃለች። ይኸው እስክሪብቶውን አንስታ እየጠበቀች ነው።

ዛሬ አይደለም አልኳት።

ዓርብ፣ ግንቦት 8። ከቀኑ 8 ሰ.

ጻፊ። ማክሰኞ ያስጻፍኩሽ ውሸት ነው።

ጭረት አለ። አንድ ቀን አውሮፕላን ልገፋ ወጣሁ። ሁለት ቡድን ነበርን፤ የኔ ቡድን ታኮ አለው፣ የሻንጣው ቡድን የራሱን ታኮ ጨምሯል። የኔን አስነሳሁ። የነሱን እነሱ ያነሱታል አልኩ። እነሱ ደግሞ ገፊው ያያል አሉ። ዞሮ ማየት የኔ ሥራ ነበር። ሞቆኝ ነበር፣ አልዞርኩም። ገፋሁ። መጎተቻው ብረት ተሰበረ፣ ትራክተሩ አፍንጫዋን መታ። አለቃ ጎማውን ማን ነው ያላየው ሲል ዝም አልኩ። ዑስማን እኔ ነኝ አለ። ያኔ አስካለ እዮብን አርግዛ ነበር፣ ለዚያ ብሎ ነው። በቅጣት ዓመት ሙሉ ሻንጣ ተሸከመ።

ይህን ጠዋት ለእዮብ ነገርኩት። ዑስማንን ጠርቼ፣ ከፊቱ። ሜዳውን ሊያጠፋው ጣቱ ቁልፉ ላይ ነበር። አነሳው። ዑስማንን አየው፣ እኔን አየኝ።

ዑስማን መሬት መሬት እያየ «ወላሂ፣ ይቺን ቃል ስጠብቅ አረጀሁ አቦ» አለ።

ከዚያ ለእዮብ ነገርኩት። ጎማው ሥር ሁለት ታኮ አለ። ቀዩ ይነሳል። አረንጓዴው ይቀራል። እኔ ማንበብ አልችልም፣ አንተ እሱን አትለይም። ያስገባው ሰው ካላነሳው ማንም አያነሳውም አልኩት። አስካለ፣ ይህንንም ጻፊው።

ስክሪኑን ተጠግቶ አየ። በኋላ ወንበሩን ወደ ጎን ሳብ አድርጎ በርጩማዬን ከጎኑ አስጠጋ። የትኛው ነው፣ በጣትህ አሳየኝ አለኝ።

አሳየሁት።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9። ከረፋዱ 5 ሰ.

አረንጓዴው እልኸኛ ነው። ከመግፋታችን በፊት ታኮህን አንሳ ስንለው ያነሳል። ቀዩ ትራክተር ሲጠጋ አውሮፕላን የገባ መስሎት መልሶ ይሸጉጠዋል። ዘጠኝ ጊዜ ሞከርን። እኔ ቀለሙን እጠራለሁ፣ እዮብ ይነካካል። ተነሳ፣ ገባ፣ ተነሳ፣ ገባ። አንዴ ሁለታችንም ሳቅን። የሱን ሳቅ ከሰማሁ ቆይቻለሁ።

አንድ አውሮፕላን ሁለት ገዢ አይችልም። አንዱ ይውጣ። ቀዩ ከወጣ የሚገፋ የለም። አረንጓዴው ይውጣ አልኩ።

እዮብ እምቢ አለ። አልገባኝም። መሰላልና ሻንጣ ለምን ይቆጨዋል? በኋላ ነው የገባኝ። እኔ እዚያ ውስጥ ነኝ። አረንጓዴው ሲወጣ እኔም እወጣለሁ። እሑድ ይቅር፣ አባዬን አላጠፋም አለ።

ምን ዓይነት ነገር ነው! አውጣኝ አልኩት። እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ለስዕል ታለቅሳለህ? ጡረታ ወጥቻለሁ፣ አሁንም አውጣኝ። ታኮ ረስቶ አውሮፕላን የሚገትር ሠራተኛ እኔም ብሆን ይባረራል።

አወጣኝ። ቀዩን ጠራ። ታኮው ተነሳ። ትራክተሩ ገፋ፣ አውሮፕላኗ እንደ ቅቤ ተንሸራትታ ወደ ኋላ ሄደች። እዮብ እሰይ አላለም። እኔ የምቆምበትን ባዶ ቦታ ነበር የሚያየው። ፒን የሚያሳየው የለም።

(አስካለ ነኝ፦ እሱም ያንን ቦታ ነበር የሚያየው። ይህን አላስጻፈኝም።)

እሑድ፣ ግንቦት 10። ከቀኑ 9 ሰ.

ከቤ/ክ መልስ ምሳ በላን። እንግዶቹ ገብተዋል፤ አሥራ አንድ አውሮፕላን ማቆሚያው ላይ ተደርድሯል። እዮብ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ማን ሊያየው?

እኔ ወስኛለሁ። ሰደርያውን ከሣጥን አስወጣሁ። አይዘጋም፣ ሆዴ ነው፣ ክፍት ይሁን። በስክሪኑና በመስኮቱ መካከል እቆማለሁ። አስካለ የኪሮሽ መርፌዋን ለፒን ሰጠችኝ። ቀይ ጥብጣብ ልታስርበት ነበር። ነጭ እሰሪበት አልኳት።

ዑስማን በግራ ክንፍ በኩል፣ ከአልጋው ጫፍ ይቆማል። ሱቁን ዘግቶ ነው የመጣው። ዛሬ ታኮ ከረሳህ እኔ ነኝ አልልም ብሎኛል።

አልረሳም። እዮብን አዝዤዋለሁ፤ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ስክሪኑ ላይ ያሳየኛል። ሁሉንም ሳላይ ፒን አላነሳም፣ እንግዳ ይጠብቅ። ካነሳሁት በኋላ ደግሞ እስኪያየኝ እጄን አላወርድም።

እየጠራኝ ነው። አባዬ አላለም። ማዳመጫውን አጥልቆ፣ አብራሪዎቹ ሠላሳ አንድ ዓመት እንደጠሩኝ፣ «ግራውንድ» ነው የሚለኝ። አስካለ፣ በቃ፣ መርፌውን አቀብዪኝና ይህን ዝጊ፣ ልጁ እየጠበቀ—