ኮረንቲ ያለበት ውሃ

አያት ኮንዶሚኒየም
ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ባለቤቴ ለፋኑኤል፣

እንዴት ከርመሃል? ስልክህ ላይ ብደውል ብደውል እንቢ ስላለኝ ይህን ደብዳቤ ለመንገድ ሥራ ካምፓችሁ ሲሚንቶ በሚያመላልሰው ሾፌር እጅ ልኬልሃለሁ። ጂንካ ሙቀቱ በርትቶ ይሆናል፤ እዚህ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ አጥንት ድረስ ይገባል። ከሁሉ በፊት አባትህ ደህና ናቸው። ይህን የማስቀድመው ቀጥሎ ያለውን ስታነብ እንዳትደነግጥ ብዬ ነው።

የመታጠቢያ ቤቱ ቦይለር ማፍሰስ ከጀመረ ሰንብቷል። ከሥሩ ባልዲ እየደቀንኩ ዝም አልኩ። ቅዳሜ ጠዋት ከእኛ በታች ያለችው ኢልሃም በቁጣ መጣች።

«ወርቄ፣ ጣሪያዬ ሊወድቅብኝ ነው እኮ! የልጆቼ አልጋ ላይ ነው የሚንጠባጠበው!»

ዛሬውኑ ይሠራል ብዬ ሸኘኋትና ወሰን ሰፈር ለሚገኘው ለቧንቧ ሠራተኛው ለጉዲሳ ደወልኩ። ከሰዓት እመጣለሁ አለኝ።

እኔ ወጥ እየሠራሁ ሳለሁ አባባ ለካ ገላቸውን ሊታጠቡ ገብተው በሩን ቆልፈዋል። ድንገት ጮኹ።

«ወርቄ! ውሃው ነዘረኝ!»

«አባባ፣ ምን ላይ ነዎት?»

«ፕላስቲክ ወንበሩ ላይ። ወለሉ ውሃ ሞልቷል። ወርጄ በሩን ልክፈት?»

«እንዳይወርዱ! እግርዎን ያንሱ! ቧንቧውንም ግድግዳውንም እንዳይነኩ!»

የቤታችንን የኮረንቲ ብሬከር ላወርደው ብል ቀልጦ ተጣብቋል። በባዶ እግሬ ደረጃውን ሮጬ ወረድኩ። ቆጣሪዎቹ ያሉበት የብረት ሳጥን ተቆልፏል፤ ቁልፉን የያዘው ጥበቃ ምሳ ሄዷል። ጮህኩ። ኢልሃም ወጣች። «አባባ ውስጥ ናቸው፣ ኮረንቲ…» ከማለቴ ወደ ቤቷ ተመልሳ የብረት ዘነዘናዋን ይዛ መጣች። ያቺ ጠዋት የተቆጣችኝ ሴት ጓጉንቸሩን ደጋግማ መትታ ሰበረችው። የትኛው ቆጣሪ የእኛ እንደሆነ ጠፋኝ።

«ሁሉንም አውርጂው!» አለችኝ።

የሕንፃውን መብራት በሙሉ አጠፋነው።

ስመለስ ከውስጥ ድምፅ የለም። «አባባ!» አልኩ። «አባባ!» በሩን በጡጫ ደበደብኩት።

«ጸሎት ላይ ነኝ እኮ» አሉ ቀስ ብለው። «አሁን ልውረድ?»

ሲወጡ ሳሙናው ራሳቸው ላይ ደርቋል፤ ሰውነታቸው ይንቀጠቀጣል። እያለቀስኩ ጋቢ ደረብኩላቸው።

ጉዲሳ መጥቶ ቦይለሩን አወረደው። ውሃውን የሚያሞቀው ብረት ተሰንጥቋል፣ ውሃ የሚይዘው ጎማም ተበልቷል። ሁለቱንም በአዲስ ቀየረ። መልሶ ሊገጥመው ሲል ግን ከኋላ አንድ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ስቦ አወጣ።

«ይሄ የመሬት ሽቦ ነው። ቢያያዝ ኖሮ ማንንም አይነዝርም ነበር። ጭራሽ ሳያያይዙት በናስትሮ ጠቅልለው ትተውታል። ማነው የገጠመው?»

አባባ ከሶፋው ቀና ብለው አዩኝ።

«አንድ ሠራተኛ ነው። ስሙን ረስቼዋለሁ» አልኩ።

ፋኑዬ፣ ከአባባ ጋር ምን ተባብላችሁ እንደተለያያችሁ ሳላስበው የዋልኩበት ቀን የለም። «አንተ የጀመርከውን አትጨርስም» ቢሉህ ተናደህ፣ ባለሙያ አልፈልግም ብለህ፣ ቦይለሩን በገዛ እጅህ ገጥመህ በማግስቱ ሻንጣህን ይዘህ ወጣህ። አሁን ያን ሽቦ ሲያዩ ምን ሊናገሩ ነው ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን ጉዲሳ ሽቦውን አያይዞ ሲጨርስ እጅህ ይባረክ ብለው መረቁት።

ሲመሻሽ ጠሩኝ።

«ወርቄ፣ የዚያ ሠራተኛ አድራሻ አለሽ?»

«አለኝ፣ አባባ።»

«እንግዲያው ሽማግሌው ደህና ነው በይው። አልተቀየመህም በይው።» ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ዓይኔ ሳይደክም ቢመጣ ደስ ይለኛል።»

የተሰጠኝን አደራ ይኸው አድርሻለሁ። እኔ የምለውን ግን ስትመጣ እነግርሃለሁ።

እግዚአብሔር ከመንገዱ ናዳ፣ ከቆላው ወባ ይሰውርህ። በጤና ያገናኘን።

ባለቤትህ
ወርቄ